ቁራሽ ባሕር

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ ቅንድብ ላይ የሚጋገርበት።
የኦሬስት ማሞቂያ ጠፍቶ ተጠራሁ፤
የመፍቻ ሣጥኔን አንጠልጥዬ ገባሁ።

ምድር ቤቱን ሲከፍት ሰማያዊ ብርሃን
ደረጃውን ወጥቶ ሞላብኝ ዓይኔን።
«መብራት ብታጠፊ ከዐሥር ደቂቃ አታሳልፊ» አለ ሽማግሌው፤
«እነዚህ ከሞቱ ሙቀቱስ ለእኔ ምኔ ነው?»

«እነማን?» አልኩት። በጣቱ ጠቆመኝ።
በመስታወት ገንዳ ድንጋይ ነው የታየኝ።
ድንጋይስ ድንጋይ ነው፤ ግን አፍ አለው፣ ይበላል፤
ሲመሽ እጁን ዘርግቶ ያለፈውን ይይዛል፤
ቀን ቀን ብርሃን ጠጥቶ፣
ጎረቤት ከተጠጋው ይናደፋል ተቆጥቶ።
ጨው ካልጣፈጠ ድንጋይ ነው ይሉ የለ?
እዚህ ድንጋዩ ነው ጨው ጠጥቶ ነፍሱን የቀጠለ።

ኦሬስት፣
አርባ ዓመት ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዝ የኖረ፣
ሁለት ጣቱን ለብረት ገብሮ በጡረታ የቀረ፣
ባሕር ያየው አንዴ ነው፤ እሱንም በባቡር መስኮት።
አሁን ግን ኪያር በተሸጠበት ባልዲ፣ በየቅዳሜ ጠዋት፣
ጨው በግራም እየለካ
ባሕር ይበጠብጣል፤ ከንፈሩ ሳይላወስ፣ ሬዲዮ እንኳ ሳይነካ።

ማሞቂያው ተነሣ። ሒሳቡን ከፈለ።
ስወጣ ጠራኝና «ቆዪ እስኪ» አለ።
የአጥንት መጋዝ አንሥቶ፣
እስከ ክርኑ ውሃ ገብቶ፣
አረንጓዴዋን አወጣ፤ ጠርዟ ወይን ጠጅ፣ እንደ ሰሐን የሰፋችውን።
እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገዘገዛት መሃሏን።
ደም የለም፤ ልጋግ ብቻ፣ ክር ክር የሚል፣
ሽታው ዓሣም ያልሆነ፣ የራቀ ነገር የሚመስል።
ሁለት ሆነች፤ አንዷ ሰፊ፣ አንዷ ከሲታ።
ሰፊዋን ወደ እኔ ገፋት በዝምታ።
«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለው የተረቱት
ይህን ሰው ቢያዩት
ምን ይሉት?

በማርማላታ ጠርሙስ፣ ካፖርቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣
የሴልከርክን ጎዳና ወጣሁት፣ በረዶውን ቀዝፌ።

በወሩ ጫፏ ነጣ።
የርካሽ መብራት ጣጣ።
ኦሬስት በስልክ፦ «ተዪያት፣ አትነካኪያት፤
ሰው ሳያያት ነው የምታድግ፣ ዓይን አታብዢባት።»
እጄን ኪሴ ከተትኩ።
ስንት ቦይለር ፈትቼ የገጠምኩ፣
እንዲህ የከበደ ሥራ አልሠራሁም፦ አለመሥራት።
በዓመቱ ጥፍር አከለች፤
በሁለተኛው ሙጫዋን ውጣ መስታወቱን ነካች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ሳይነጋ ደወለ።
የገንዳው ማሞቂያ፣ ጣት የምታህል ዘንግ፣ አልጠፋም ብላ ተጣብቃ፣
ሌሊቱን ሙሉ ባሕሩን ስትቀቅል አድራለች።
«አንቺ የማሞቂያ ሰው፣ ምነው ይህን አላየሽልኝ?»
ሌላ ምንም አላለኝ።

ስደርስ ሁሉም ነጭ ነው፤ ነጭ፣ በሰማያዊ መብራት ሥር።
ፓምፑ ብቻ ሥራ ላይ ነው፣
መርዶ እንዳልደረሰው ዘመድ።

ገንዳውን አጠበ። ውሃው እስኪረጋ ሁለት ወር ጠበቀ።
እኔም መጋዝ ገዛሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
በዚያው ጠርሙስ፣ በዚያው ካፖርት፣ በዚያው መንገድ ይዤያት ሄድኩ፦
ከሱ ወጥታ እሱ ጋ የምትገባ፤ ልጅ ናት ወይስ እናት?
የተበደሩትን ዘር ሲመልሱ፣ ያው ዘር ነው ወይስ ሌላ?
እሷ ዕድሜ አትቆጥርም፤
መጋዝ ያበዛታል እንጂ አይከፍላትም።

ኦሬስት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በሦስት ጣቱ
አገላብጦ አያት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።
«ሙጫ አብዝተሻል» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።
«ዝቅ አድርጊያት። ገና መንገደኛ ናት፣ ብርሃኑ ይበዛባታል።»

መብራቱን አደብዝዘን፣
ሁለት ወንበር ስበን፣
አፏን እስክትከፍት ጠበቅን።

በዚያ ምሽት አልከፈተችም።